በአድናቆት የሣልኋቸውን ሥዕሎች በኦንላይን ጨረታ ስሸጥ

ከምወዳቸው ተከታታይ ፊልሞች በመነሣት በውሃ ቀለም መሣል የጀመርሁት ለራሴ ደስታ ነበር። ለጨረታ የመረጥሁት ሰብሳቢዎች ኤሲኢኦ የሚሉትን፣ 64 በ89 ሚሊ ሜትር የሆነውን የካርድ መጠን ነው፤ በተራ ፖስታ ስለሚላክ የመላኪያ ወጪው ቀላል ነው፣ ሥራዬን የማያውቅ ገዥም ለመሞከር አይፈራም።

መጀመሪያ ካቀረብኋቸው ሦስት ካርዶች አንዱ በሁለተኛው ቀን ከጨረታው ተነሣ፤ በላዩ የሣልኋት የፊልም ገጸ ባሕርይ የመብት ባለቤት አቤቱታ አቅርቦ ነበር። እያንዳንዱን መስመር በእጄ የሣልሁት በመሆኑ «ኦሪጅናል» ብዬ ስጽፍ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረኝም፤ ስለዚህም እጅግ አዘንሁ። ነገር ግን ካርዱን ከማስታወቂያ ፖስተሩ ጎን ሳስቀምጠው አቋሟም፣ አለባበሷም፣ ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫም ከዚያው የተወሰዱ መሆናቸውን መካድ አልቻልሁም። በእጅ መሠራቱ ሥዕሉን አንድና ብቸኛ ያደርገዋል እንጂ በሌላው ሰው ፈጠራ ላይ መብት አይሰጥም፤ በብዙ አገሮች ሕግ ከአንድ ሥራ የሚመነጭ ሌላ ሥራ የማዘጋጀት መብት የዋናው ሥራ ባለቤት ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል ከፎቶግራፍ አንሺዋ ከሊን ጎልድስሚዝ ፎቶግራፍ ተነሥቶ የሠራውን የዘፋኙን የፕሪንስን ምስል በተመለከተ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2023 የሰጠውን ውሳኔ ሳነብ፣ ምስሉ እንደ ፎቶግራፉ ሁሉ ለመጽሔት አገልግሎት በክፍያ በመሰጠቱ የታላቅ ሠዓሊ ስልት እንኳ በቂ መከራከሪያ እንዳልሆነው ተረዳሁ።

«ከባለመብቱ ጋር ግንኙነት የለኝም» የሚል ማስታወሻም ገዥን ከመሳሳት ያድናል እንጂ ፈቃድን አይተካም። ስለዚህ ከመሣሌ በፊት ባለመብቶች ለአድናቂዎች ያወጡትን መመሪያ ማንበብ ጀመርሁ፤ አንዳንዶቹ በእጅ የተሠራ ጥቂት ሥራ መሸጥን ይፈቅዳሉ፣ ሌሎቹ ፈጽሞ ይከለክላሉ። መመሪያ ባላገኘሁበት ጊዜ ገጸ ባሕርያቱን ትቼ ታሪኩ በውስጤ የተወውን ስሜት፣ ለምሳሌ መለያየትን ወይም ረጅም ጉዞን፣ በራሴ ሰዎችና በራሴ ቦታዎች እሥላለሁ። እነዚህ ሥዕሎች ከቀድሞዎቹ ይልቅ የእኔ እንደሆኑ ይሰማኛል።

ስለ ዋጋ የተማርሁት በኪሳራ ነው። ዝቅተኛ መነሻ ዋጋ ብዙ ተጫራች ይስባል የሚለውን ምክር አምኜ፣ አራት ቀን የለፋሁበትን ካርድ ከቀለሙ ወጪ ባነሰ ዋጋ ለብቸኛው ተጫራች አስረከብሁ። ተጫራቹ የሚከፍለውን ከፍተኛ ዋጋ አስቀድሞ በሚያስገባበት ጨረታ፣ ሥርዓቱ ዋጋውን ከተከታዩ ተፎካካሪ ጥቂት ከፍ አድርጎ ያቆመዋል፤ ስለዚህ አንድ ሰው የቱንም ያህል ቢወደው፣ ሥዕሉን የሚፈልግ ሁለተኛ ሰው ከሌለ ዋጋው ከመነሻው አይነቃነቅም። ይህን ከተረዳሁ በኋላ መነሻውን ብሸጠው በማይቆጨኝ ዋጋ ላይ አደርገዋለሁ። አንድ ወዳጄ ተጫራች መስሎ ዋጋውን ከፍ ሊያደርግልኝ ጠይቆኝ ነበር፤ የጨረታ ደንቦች የሚከለክሉት፣ ገዥንም የሚያታልል ተግባር በመሆኑ አልተቀበልሁትም። ብዙዎች ዋጋ የሚሰጡት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ስለሆነም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዝምታ መደናገጥ አያስፈልግም።

ፎቶግራፉን ያለ ፍላሽ፣ በመስኮት አጠገብ በቀን ብርሃን አነሣለሁ። አንዲት ገዥ ካርዱ ከገመተችው እንዳነሰባት ከጻፈችልኝ ወዲህ በእጅ ተይዞ የሚታይበትን ምስልም እጨምራለሁ። በአልኮል ማርከር የሠራሁት ከሆነ ቀለሙ ለፀሐይ ሲጋለጥ እንደሚደበዝዝ በግልጽ እጽፋለሁ። ገዥው የሚረከበው ካርዱን እንጂ የማባዛት መብትን አለመሆኑንም በዚያው አሳውቃለሁ። ከጨረታው የተነሣውን ካርድ ዳግመኛ ለሽያጭ አላቀረብሁትም፤ አዲስ ንድፍ ስጀምር ከጠረጴዛዬ ላይ አኑሬ አየዋለሁ።