ከካልሲዬ የነቀልኩት ጭጎጎት

ባለፈው ሳምንት ሣር መሃል አቋርጬ ስመለስ ካልሲዬ በጭጎጎት ተሞልቷል። አንድ በአንድ ስነቅል ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። በንዴት ልጥለው ስል አንዱን በማጉያ መነጽር አየሁት። ጥቁርና ቀጭን ዘር ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት መርፌ አለው። መርፌዎቹ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ የዞሩ ጥቃቅን እሾሆች ተደርድረዋል። ሲገባ ዝም፣ ሲወጣ ጣጣ።

በ1941 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ደ ሜስትራል የተባለውን የስዊዘርላንድ መሐንዲስም ከውሻው ጋር ሲንሸራሸር የገጠመው እንዲህ ያለ ነገር ነው። የእሱ ተክል ሌላ ነው፤ ጫፉ መንጠቆ ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያየው መንጠቆው የጨርቁንና የውሻውን ጠጉር እንዴት እንደሚይዝ ገባው። ዓመታት ለፍቶ ቬልክሮን ሠራ፤ ያን ሲላቀቅ ጭርር የሚለውን ማሰሪያ።

ስለ ተፈጥሮና ፈጠራ ሲወራ ይህ ታሪክ አይቀርም። እኔን ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ቬልክሮ ናይለን ነው። ጭጎጎት ሥራውን ጨርሶ ይበሰብሳል ወይም ይበቅላል፤ ናይለን ግን የትም አይሄድም። መንጠቆውን ኮረጅን፣ ቀሪውን ትምህርት ዘለልነው።

በእኔ ሚዛን የጃፓኑ ፈጣን ባቡር ይበልጣል። ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲገባ አየሩን ወደፊት ገፍቶ ያጭቀዋል፤ የታጨቀው አየር በሌላኛው ጫፍ ሲወጣ እንደ መድፍ ይጮህ ነበር። ኤይጂ ናካትሱ የተባለው መሐንዲስ ወፍ ማየት ይወድ ነበር (እንዲህ ያለ ሱስ ሥራ ላይ ሲጠቅም ደስ ይላል)። ዓሣ አጥማጇ ወፍ ከአየር ወደ ውሃ ስትወረወር ውሃው ብዙም አይረጭም። የባቡሩ አፍንጫ እንደ መንቁሯ ረዝሞ ሾለ። በ1997 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እየበረረ ጩኸቱ ቀነሰ፣ ኤሌክትሪክም ቆጠበ።

ዚምባብዌ፣ ሐራሬ ከተማ ያለው የኢስትጌት ሕንፃ ደግሞ ያስቀኛል። አርክቴክቱ ሚክ ፒርስ ሐሳቡን ያገኘው ከምስጥ ኩይሳ ነው። ሌሊት ቀዝቃዛ አየር በኮንክሪቱ ውስጥ ያልፋል፤ ቀን ኮንክሪቱ ቢሮዎቹን ያቀዘቅዛል፣ የሞቀው አየር በጭስ መውጫዎቹ ይወጣል። ኋላ ላይ ኩይሳውን ያጠኑ ሰዎች ግን ሥራው እንደ ሳንባ አየር መለዋወጥ እንጂ እንደተባለው ማቀዝቀዝ አለመሆኑን አሳዩ። ምስጧን በደንብ ሳንረዳት ሕንፃው ሠራ! በደንብ ብንረዳት ኖሮስ?

ያን ቀን አንድ ጭጎጎት አፈር በሞላ ኩባያ ውስጥ ጣልኩ። ዛሬ ሁለት ትንንሽ ቅጠል አውጥቷል። ከጎኑ አሮጌ ጫማዬ አለ፤ ቬልክሮው ክርና ጠጉር ሞልቶት መያዝ ካቆመ ቆይቷል።