ስኳር ድንቼን ማን በላው?

ሐረር የመጣ እንግዳ ሁሉ ስለ ጅብ ይጠይቃል። ማታ ሄዶ ሲመገቡ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በማግስቱ ይሄዳል። ስለ ፍልፈል የጠየቀኝ ሰው ግን የለም። ጅብ እኔን ምንም አድርጎኝ አያውቅም። ዓመት ሙሉ የሚያናድደኝ ፍልፈል ነው።

ቤታችን ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ በሐኪም ጋራ በኩል ነው። ጓሮው ሰፊ የሚባል አይደለም። ስኳር ድንች አለ፣ ካሮት አለ፣ ጥግ ላይ አንድ ዘይቱንና አንድ ሎሚ አለ። አፈሩ ጥሩ ነው። ለሚተክል ጥሩ የሆነ አፈር ለሚቆፍርም ጥሩ ነው፤ በተለይ ዝናብ ከጣለ በኋላ። የበልጉ ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልሰው፣ ጠዋት ስወጣ መደቡ መሃል አዲስ የአፈር ቁልል ተቀምጦ አገኛለሁ። ቀዳዳ የለውም። እርጥብ፣ የላላ አፈር ብቻ ነው።

ከዚያ ሐረጉ መጠውለግ ይጀምራል። ውሃ የጠማው ይመስላችሁና ታጠጡታላችሁ። አይነሳም። ሳብ ስታደርጉት ያለ ሥር ይመጣል። ድንቹ ወይ ግማሹ ተግጧል፣ ወይ ጭራሽ የለም፤ ተጎትቶ ሄዷል። ወዴት ሄደ ካላችሁ፣ ወደ ጎጆው። ፍልፈል ከመሬት በታች ሰፊ ጎጆ አለው። መኝታውም፣ ምግብ ማከማቻውም፣ መጸዳጃውም እዚያው ነው። በደላላ አነጋገር ሁሉን ያሟላ አንድ ክፍል ቤት ማለት ነው። ኪራይ ግን አይከፍልም።

እኛ ሰፈር የሚቆፍር ነገር ሁሉ አይጥ ይባላል። ነገሩን የሚያበላሸው ይሄ ነው። አይጥ ጉድጓዱን ክፍት ትተወዋለች። ብዙ ጊዜ ከግድግዳ ሥር፣ ከእህል ወይም ከቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው። አፉ በመመላለስ ብዛት ለስልሶ ይታያል፣ ዙሪያውን ኩሷን ታገኛላችሁ። ጃርት ደግሞ ከላይ ነው የሚቆፍረው። ሌሊት አጥር ሰብሮ ይገባል፣ መደቡን ይገለብጠዋል፣ ግማሹን በልቶ ግማሹን በትኖ ይሄዳል። እድለኛ ከሆናችሁ አንድ እሾህ ጥሎላችሁ ይሄዳል። ምስጥ ከሆነ ግንዱ ላይ የጭቃ ሽፋን ይሠራል። ፍልፈል ግን ቤቱን ዘግቶ ነው የሚኖረው። ቁልል ታያላችሁ እንጂ በር አታዩም። ስለዚህ የአይጥ ወጥመድ ገዝቶ አፈር ላይ ማስቀመጥ ወጥመዱን ዝናብ ማስመታት ነው። ባለቤቱ አይወጣም።

ምክር አላጣሁም። ሐረር ምክር በነጻ ነው።

ድሬዳዋ ያለችው እህቴ «አቦ ውሃ ሙይበት፣ ራሱ ይወጣል!» አለችኝ። ሳቄ መጣ። እሷ ስለ ውሃ ስታወራ ለምን እንደሚያስቀኝ የሐረር ሰው ይገባዋል። ድሮ ውሃችን ከሐረማያ ሐይቅ ነበር። ሐይቁ ሲደርቅ ከእሷ አገር በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች ተስቦ፣ ያን ሁሉ አቀበት ወጥቶ ነው የሚደርሰን። እሱም በተራ። ቢጫ ጀሪካኖቻችን ግቢ ውስጥ ተሰልፈው ቧንቧውን ይጠብቃሉ። እና ያንን ውሃ ፍልፈል ጉድጓድ ውስጥ ላፍስሰው? ደግሞም አይሠራም። የመተላለፊያው መስመር ረጅም ነው፣ ቅርንጫፉም ብዙ ነው። ውሃው እሱ ጋ ሳይደርስ አፈሩ ይጠጣዋል። ቤት ወይም ግንብ አጠገብ ከሆነማ የራስን መሠረት ማርጠብ ነው። በድንጋይና በጭቃ የተሠራ የቆየ ግንብ ያለው ሰው ይሄን ባያስበው ይሻላል።

አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ ጉሎ ትከይ አለችኝ። ሽታውን አይወደውም ይባላል። ጉሎው አደገ፣ አበበ፣ ፍሬም ያዘ። ጥላም ሆነልኝ። አዲሱ ቁልል የወጣው ከሥሩ ነው። የበርበሬ ጭስም ተሞክሯል። ጭሱን የጠገብኩት እኔ ነኝ።

ዩቲዩብ ላይ ያለው ምክር ደግሞ የሌላ እንስሳ ምክር ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉት ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያወሩለት ቆፋሪ ትልና ነፍሳት የሚበላ ነው። ስለዚህ «አፈር ውስጥ ያለውን ትል አጥፉ፣ ምግብ ሲያጣ ይሄዳል» ይላሉ። እሱ እንስሳ አፍሪካ ውስጥ የለም። የኛው ፍልፈል የአይጥ ወገን ነው፤ የሚበላው ሥር፣ ድንችና ሣር ነው። ትሉን ብጨርሰው ግድ የለውም። አሜሪካኖች ጎፈር ለሚሉት የሚሰጠው ምክር ይሻላል፤ እሱም እንደኛው ሥር በል ነው።

አሁን ወደ መርዙ ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እከርራለሁ።

የአይጥ መርዝ መንገድ ላይ በትናንሽ ላስቲክ ይሸጣል። ብዙ ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው፤ ግራጫ ጥቁር ዱቄት። የሚገድለው ሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል መርዛም ጋዝ ስለሚፈጥር ነው። ለእህል ነቀዝ የሚሸጠው ክኒንም የሚያወጣው ያንኑ ጋዝ ነው። አንዳንድ ሰው ክኒኑን ጉድጓድ ውስጥ ጨምሮ በአፈር ይደፍነዋል። ጉድጓዱ ግን የት እንደሚያልፍ ማን ያውቃል? ከመኝታ ቤቱ ወለል ሥር ቢያልፍስ? ጋዙ ስንጥቅ ካገኘ ይገባል። ልጆች የሚተኙበት ቤት አጠገብ ይሄን ማድረግ እብደት ነው። ከዚህ በላይ ለስላሳ ቃል አላገኘሁለትም።

ሁለተኛው ነገር ሐረር መሆናችን ነው። እዚህ የሞተ ነገር ሜዳ ላይ አያድርም። ቀን ጭልፊት አለ፤ ሥጋ ገበያ ደርሶ የወጣ ሰው ያውቀዋል፣ ከእጅ ነው የሚነጥቀው። ድመት አለ፣ ውሻ አለ። ሌሊት ደግሞ ጅብ አለ። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠራው ግንብ ለሰው በሮች አሉት፣ ከሥር ደግሞ ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉት። ገብቶ ቆሻሻውን፣ አጥንቱን፣ የሞተውን ጠራርጎ ይወጣል። በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል። መርዝ የበላ ፍልፈል ወይም አይጥ አፈር ላይ ወጥቶ ቢሞት፣ ቀጣዩ ሟች የሚያነሳው ሊሆን ይችላል። ለአንድ መደብ ስኳር ድንች ብዬ የከተማውን ጽዳት ሠራተኛ ልመርዝ አልችልም። ሰፈሩም ቢሰማ አይምረኝም።

እና ምን ቀረ? ዶማ ቀረ።

ከእኛ በላይ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት አሉኝ። ዕድሜያቸውን በእርሻ ነው ያሳለፉት። አባባ እላቸዋለሁ። ገና ጎህ ሲቀድ መጡ፣ አዲሱን ቁልል በእጃቸው ገለጥ አደረጉት፣ ከሥሩ ያለውን መተላለፊያ አገኙት። ከዚያ በዶማ ትንሽ ከፈቱትና ቁጭ አሉ።

«አቦ አትንቀሳቀሺ። እግርሽን ይሰማል።»

«ያየናል እንዴ አባባ?»

«ምኑን ያያል። ይሰማል አልኩሽ።»

እውነታቸውን ነው። ዓይኑ ትንሽ ናት፣ ጸጉሩ ውስጥ ተቀብራለች። የመሬቱን ንዝረት ግን ያውቃል። የተከፈተ ቀዳዳ ደግሞ አይወድም። ነፋስ ይገባል፣ ብርሃን ይገባል፣ ጠላትም ይገባል። ስለዚህ አፈር እየገፋ ሊደፍነው ይመጣል። አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ። የተከፈተው አፍ ላይ ያለው አፈር እርግብ እርግብ ሲል አባባ ዶማውን ከኋላው ነው የመቱት። ሚስጥሩ እሱ ነው። ፊት ለፊት የመታው ሰው አፈር ነው የሚያገኘው፤ ፍልፈሉ ወደ ኋላም እንደ ወደ ፊት ይሮጣል። መመለሻውን ሲያጣ ግን ወጣ።

እንዲህ በቅርብ ሳየው የመጀመሪያዬ ነበር። ከአይጥ ይወፍራል፣ አንገት የለውም ማለት ይቻላል። ጅራቱ አጭር፣ ጥርሱ ረጅምና ብርቱካናማ። አፉን ቢዘጋ እንኳ ጥርሱ ውጭ ነው። የሚቆፍረውም በሱ ነው። ይነጫነጫል፣ ይነክሳልም። ባዶ እጅ እንዳትሞክሩት።

አንዳንድ ሰው ይዞ ሩቅ ሄዶ መልቀቅን ይመርጣል። ለሰሚው ደግ ይመስላል። ግን የት ነው የሚለቀቀው? ሐረር ዙሪያ እርሻ ያልሆነ መሬት አለ? ከእኔ ድንች አንስቼ የሌላ ገበሬ ድንች ላይ መጣል ነው። አባባ እዚያው ጨረሱትና በጥልቀት ቀበሩት። እኔ ዞር ብዬ ነበር።

በዶማ የማይችል ሰው ሸምቀቆ ይሠራል። ተጣጣፊ እንጨት ከላይ ይተከላል፣ ተጎንብሶ በገመድ ይወጠራል፣ ሸምቀቆው መተላለፊያው ውስጥ ይገባል። ፍልፈሉ አፈር እየገፋ ሲመጣ ማያዣው ይለቅና እንጨቱ ይቃናል። ገጠር ልጆች ሳይቀሩ ይሠሩታል። እኔ ሳልሞክረው ቀርቻለሁ፤ ጓሮው ውስጥ የሚሯሯጡ ልጆች አሉ።

የኛው ፍልፈል አንድ የሚያስመሰግነው ነገር ብቸኛ መሆኑ ነው። እናትና ልጆች ካልሆኑ በስተቀር በአንድ ጉድጓድ አንድ ነው። ያዙት፣ ለጊዜው አለቀ። «ለጊዜው» ያልኩት ባዶ ጉድጓድ ሌላ ተከራይ ስለማያጣ ነው። ይሄን ለእህቴ ነግሬ «እናንተ ቆላ ያለው ይብሳል» አልኳት። ድሬዳዋ ከሐረር በ55 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከፍታዋ ወደ 1,200 ሜትር ነው፤ እኛ ወደ 1,900 እንጠጋለን። የምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላ ደግሞ የራቁቱ ፍልፈል አገር ነው። ጸጉር የሌለው፣ የተጨማደደ፣ ሮዝ ቆዳ ያለው። ሩፐል የሚባል ጀርመናዊ ተመራማሪ በ1842 እ.ኤ.አ. ነው ለሳይንስ ያስተዋወቀው፣ ከኢትዮጵያ በተገኘ እንስሳ። በ1981 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጄኒፈር ጃርቪስ እንደ ንብ በንግሥት የሚተዳደር መሆኑን ጻፈች። አንዷ ትወልዳለች፣ ሌሎቹ ይሠራሉ። በአንድ መንጋ በደርዘን የሚቆጠሩ፣ አንዳንዴም እስከ 300 ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት ሊያልፍ ይችላል። እንግዲህ እዚያ መደብ ላይ በዶማ ተቀምጦ አንዱን መጠበቅ ምን ይፈይዳል? እህቴ ግን አልተሸነፈችም። «እኔ እኮ የምተክለው ቦገንቪላ ነው» አለችኝ።

ባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ ግዙፉ ፍልፈል አለ፤ ሌላ አገር የለም። እዚያ ጥበቃውን የሚሠራው ቀይ ቀበሮ ነው፤ ዋና ምግቡ እሱ ነው። እኛ ግቢ ቀይ ቀበሮ የለ፣ ድመታችን ደግሞ ቁልሉ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች።

ስለዚህ መያዙን ቀነስ አድርጌ ድንቹን ከአፉ ማራቅ ላይ ነው ያተኮርኩት። ካሮቱን ከመሬት አንስቼ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አዘዋወርኩት። አፈርና ፍግ ሞልቶ፣ ከሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አድርጎ ማቆም ነው። ውሃም ይቆጥባል። ከረጢቱ ፀሐይ ሲመታው ይሰነጠቃል እንጂ ሌላ እንከን የለውም። ስኳር ድንቹን ግን ከረጢት አላረካውም፤ ሐረጉ መንሰራፋት ይፈልጋል። ለሱ መደቡን ከክንድ የማያንስ ጥልቀት ቆፍሬ፣ ሥሩንና ጎኑን በወፍራም የሽቦ ወንፊት ለበጥኩት፣ ከዚያ አፈሩን መለስኩ። የሽቦው ጠርዝ ከአፈሩ በላይ ብቅ ማለት አለበት፤ አለዚያ ጎኑን ዞሮ ይገባል። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ አትግዙ። አፈር ውስጥ ቶሎ ይዝጋል፣ ያ ጥርስ ደግሞ አይቸግረውም።

እስካሁን ሽቦ ያለበት መደብ አልተነካም። ሽቦ የሌለበት በኩል ቁልሉ ይወጣል። አፈሩ የላላና የደቀቀ ስለሆነ በአካፋ እየዛቅኩ ለችግኝ እጠቀምበታለሁ። አሁን የምናደደው ሎሚው አጠገብ ሲወጣ ብቻ ነው።

የቀረው አንድ መደብ ነው። ሸዋ በር አካባቢ ሽቦውን ጠየቅኩ፤ ቆርጠን አንሸጥም፣ ጥቅሉን ውሰጂ አሉ። ለእኔ ጓሮ ይበዛል፣ ዋጋውም ለብቻ የሚቻል አይደለም። አባባን ሳናግራቸው እሳቸውም ይፈልጋሉ። ቅዳሜ አብረን እንሄዳለን። ግማሹ ለሳቸው ካሮት፣ ግማሹ ለእኔ መደብ።