የፕሪንሲፓሉ ቢሮ በር ሲዘጋ

አሜሪካ የሚኖር ብዙ ሀበሻ ወላጅ «ልጄን ፖሊስ ያለ እኔ ሊያናግረው አይችልም» ብሎ ያምናል። ይችላል። ፖሊስ ትምህርት ቤት ገብቶ ተማሪ ሲጠይቅ ወላጅ አጠገቡ እንዲኖር የሚያስገድድ አገር አቀፍ ሕግ የለም። ገደብ ካለ የሚመጣው ከስቴቱ ሕግ ወይም ከትምህርት ቤት ዲስትሪክቱ ደንብ ነው፤ እሱም ቀዳዳ አያጣም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ቀዳዳው የት እንዳለ፣ በስሙ መነሻ ፊደላት ብቻ የሚጠራው የጄ.ዲ.ቢ. የፍርድ ቤት ጉዳይ በደንብ ያሳያል። ቦታው ቻፕል ሂል፣ ሰሜን ካሮላይና ነው። ልጁ 13 ዓመቱ፣ ሰባተኛ ክፍል። ዩኒፎርም የለበሰ ፖሊስ ከክላስ አውጥቶ ወደ ስብሰባ ክፍል ወሰደው፤ በሩ ተዘጋ። ውስጥ መርማሪው፣ የትምህርት ቤቱ ፖሊስ፣ ምክትል ፕሪንሲፓሉና አንድ ኢንተርን ነበሩ። ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ስለ ቤት ዝርፊያ ጠየቁት። ሚራንዳ የሚባለውን፣ ዝም የማለትና ጠበቃ የማግኘት መብት እንዳለው የሚነግረውን ማስጠንቀቂያ አላነበቡለትም፤ አሳዳጊው ለሆኑት ሴት አያቱም ማንም አልደወለም። ምክትል ፕሪንሲፓሉ ትክክለኛውን ነገር እንዲያደርግ ገፋፋው፣ መርማሪው ደግሞ የልጆች ማረፊያ ቤት (እስር) ሊያስገባው እንደሚችል ነገረው፤ ልጁ አመነ። መልስ ያለመስጠትና የመሄድ መብት እንዳለው የነገሩት ካመነ በኋላ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2011፣ 5 ለ4 በሆነ ድምፅ፣ ልጁ በቁጥጥር ሥር ነበር ወይስ አልነበረም ተብሎ ሲመዘን ዕድሜው መታየት አለበት አለ። ወላጅ ይጠራ አላለም።

ነገሩ ሁሉ የሚንጠለጠለው እዚያች «በቁጥጥር ሥር» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሚራንዳ የሚነበበው ተጠያቂው በቁጥጥር ሥር ከሆነ ብቻ ነው። ፖሊሱ «አላሰርኩትም፣ ዝም ብለን ነው ያወራነው» ካለ ክርክሩ ይጀመራል። በደወል የሚነሳና በደወል የሚቀመጥ ልጅ ተነስቶ ይወጣል ብሎ ማሰቡ ለእኔ ቀልድ ነው፣ ሕጉ ግን እየተጓተተ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የስቴቶቹ ልዩነት ሰፊ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በቁጥጥር ሥር ያለ ልጅ ከመጠየቁ በፊት ከጠበቃ ጋር በግል መነጋገር አለበት፤ ልጁ «አያስፈልገኝም» ቢል እንኳ አይታለፍም፣ ለወላጅም መነገር አለበት። ካሊፎርኒያም ከ2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉት ተመሳሳይ ሕግ አላት። የዋሽንግተን ስቴት ሕግ ሰፋ ይላል፤ ፖሊስ ለመፈተሽ የልጁን ፈቃድ ሲጠይቅም ጠበቃ ያስፈልጋል። ኮሎራዶ ውስጥ ወላጅ ወይም ጠበቃ በሌለበት፣ በቁጥጥር ሥር የተሰጠ ቃል በመርህ ደረጃ ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ወላጁና ልጁ ይህን መብት በፊርማ መተው ይችላሉ። ያቺን ወረቀት ሳያነቡ መፈረም አይገባም። ቨርጂኒያ የተያዘ ልጅ ከመጠየቁ በፊት ከወላጁ ጋር እንዲገናኝ ታዛለች፣ በስልክም ቢሆን። «የተያዘ» የሚለውን ልብ ይበሉ፤ ቢሮ ተጠርቶ የተቀመጠ ልጅ ገና አልተያዘም ሊባል ይችላል።

ሌላው ወላጅ የማይጠብቀው፣ ፕሪንሲፓሉ ራሱ ለዲሲፕሊን ሲጠይቅ ሚራንዳ ማንበብ አይጠበቅበትም። ልጁን «የሆነውን ጻፍ» ብሎ ወረቀትና እስክሪብቶ ይሰጠዋል፤ ያ ወረቀት ከሰዓት በኋላ ፖሊሱ እጅ ሊገኝ ይችላል። የይቅርታ ደብዳቤም እንዲሁ ነው። ልጁ ይቅርታ የጠየቀ ይመስለዋል፣ ዐቃቤ ሕጉ የሚያነበው ግን እንደ እምነት ቃል ነው።

ስለዚህ ልጁ ማወቅ ያለበት ንግግር በእንግሊዝኛ ነው፣ አጭር መሆን አለበት፣ ቤት ውስጥም ድምፅ አውጥቶ ይለማመደው። መጀመሪያ «አም አይ ፍሪ ቱ ሊቭ?» (መሄድ እችላለሁ?) ብሎ ይጠይቅ። ትችላለህ ካሉት ወደ ክላሱ ይመለስ። አይ ካሉት «አይ ዎንት ኤ ሎየር። አይ ዊል ኖት አንሰር ኩዌስሽንስ» (ጠበቃ እፈልጋለሁ፣ ጥያቄ አልመልስም) ብሎ ዝም ይበል። «ምናልባት ጠበቃ ባናግር ይሻለኛል» አይበቃም፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1994 የጠበቃ ጥያቄ ግልጽ ካልሆነ ፖሊስ መጠየቁን ማቆም የለበትም ብሏል። «እናቴን ጥሩልኝ» ማለትም ጠበቃ እንደመጠየቅ አይቆጠርም። እናቱን ይጥራ፣ ግን ሎየር የሚለውን ቃል ይጨምርበት። ስልኩን አይክፈትላቸው፤ ከ2014 ጀምሮ ፖሊስ የተያዘ ሰው ስልክ ውስጥ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ያስፈልገዋል፣ ልጁ ራሱ ከከፈተው ግን ፈቀደ ይባላል። በጉልበት ከወሰዱት አይታገል። አይዋሽም፤ ዝም ማለት ውሸት አይደለም።

ይህ ለእኛ ልጆች የሚከብድበት ምክንያት አለ። ታላቅ ሲናገር አንገት መድፋት አስተምረናቸዋል፤ ፖሊሱ ሪፖርቱ ላይ «ዓይኔን ማየት አልቻለም» ብሎ ይጽፈዋል። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ አዎ ማለትም አለ። ልጁ «እየሰማሁ ነው» ለማለት ያደረገውን የማያውቅ ሰው እንደ ድንጋጤ ወይም እንደ ማመን ሊወስደው ይችላል። «በቃል መልስ፣ በአንገት አትመልስ» ማለት ዋጋ አለው።

አሁን ወደሚያስቀይመው ነገር ልምጣ። ወላጅ መገኘቱ ብቻውን ልጁን አያድነውም፣ አንዳንዴ ያባብስበታል። አባት ከሥራ ሮጦ ይደርሳል፣ ያፍራል፣ ይቆጣል፤ ፖሊሱ ፊት «እውነቱን ተናገር! እኔ ሌባ አላሳደግኩም!» ይላል። በዚያች ደቂቃ ሁለተኛ መርማሪ ሆነ። ልጁ አባቱ እንዲበርድለት ያልሠራውንም ያምናል። ፖሊስ ደግሞ «ጓደኛህ ነግሮናል» ብሎ ሊዋሽ ይችላል። ኢሊኖይና ኦሪገን በ2021 በልጆች ላይ ይህን ለመገደብ ሕግ አወጡ፤ በብዙ ስቴቶች ግን አሁንም የተፈቀደ ነው። «ለብቻችሁ አውሩ» ብለው ቢወጡም በአማርኛ ስለሆነ አይገባቸውም ብሎ መዘርገፍ አደጋ ነው፤ ክፍሉ እየተቀዳ ከሆነ አስተርጓሚ አይጠፋም። የአባት ሥራ «ልጄ ያለ ጠበቃ አይናገርም» ብሎ መቀመጥ ነው። ቁጣው ቤት ይደርሳል።

ቀድሞ የሚሠራው ሥራ ወረቀት ነው። ሴፕቴምበር ላይ ለፕሪንሲፓሉና ለካውንስለሩ አንድ ገጽ ኢሜይል ይላኩ፦ ፖሊስ ልጄን ሊጠይቅ ከሆነ አስቀድማችሁ ደውሉልኝ፣ እኔ ወይም ጠበቃ በሌለንበት እንዲጠየቅ አልፈቅድም፣ የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። ደብዳቤው ፖሊሱን አያስገድድም፤ ትምህርት ቤቱ «አላወቅንም» እንዳይል ግን ያደርጋል። አስተርጓሚውን በተመለከተ ግን መብት ነው፤ የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ማነጋገር አለበት፣ ታላቅ እህቱን አስቀምጦ ማስተርጎም አይበቃም ይል የነበረው የፌደራል መመሪያ ግን በ2025 ተሽሯል። የአደጋ ጊዜ ስልክ ካርዱ ላይ ሦስት ሰው ያስመዝግቡ፤ ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ስልኩ ድምፅ የለውም።

ሁሉም ካለፈ በኋላ ልጁ ቤት ሲመጣ ያንኑ ማታ ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ከክላስ ወጣ፣ ስንት ሰዓት ተመለሰ፣ ማን ማን ነበር፣ በሩ ተዘግቶ ነበር ወይ፣ ማን ወደ በሩ ተጠግቶ ተቀመጠ፣ መሄድ ትችላለህ ብለውት ነበር ወይ። «በቁጥጥር ሥር» የሚለው ክርክር የሚሸነፈውም የሚረታውም በእነዚህ ነው። ጥፋቱን ራሱን ግን አይጻፉ፣ በቴሌግራምም ለዘመድ አይላኩ፤ እሱ ለጠበቃው ብቻ ነው። የኮሪደሩ ካሜራ ቪዲዮ እንዳይጠፋ በማግስቱ ጠዋት በኢሜይል ይጠይቁ፤ ካሜራዎቹ በላዩ ላይ እየቀዱ ያጠፉታል።