ስግድን ተለያይተን ስናከብር

በእ.ኤ.አ. 2020 ኮሮና መሰብሰብን ሲያስቀር፣ የእኛን የቤተ እስራኤሎችን (የኢትዮጵያ አይሁዶችን) በዓል፣ ስግድን፣ እንዴት እንደምናከብር የሚነግረን አጥተን ነበር። ለሌላ ጊዜ ቢጠቅም የሆነውን ልጻፍላችሁ።

ስግድ ከአይሁድ የማስተሰረያ ቀን ከዮም ኪፑር በኋላ በ50ኛው ቀን ነው። አገር ቤት እያለን ጎንደር ውስጥ አምቦበር ተራራ ላይ ይወጣ ነበር። እዚህ እስራኤል ደግሞ ከየከተማው በአውቶቡስ ኢየሩሳሌም፣ አርሞን ሃናጺቭ በሚባለው ቦታ እንገናኛለን። ያን ዓመት አውቶቡሱ ቀረ። ጾሙን ጾምን፣ ዳቦውን ጋገርን፣ ነጭ ለበስን። ይሄ አላስቸገረንም።

ያስቸገረን ዙሙ ነው። የከተማችን ኃላፊዎች አዘጋጁልንና ሊንኩን በዕብራይስጥ ላኩት። ሽማግሌዎቻችን ዕብራይስጥ እንደማያነቡ አስቀድሜ ደውዬ ነገርኳቸው። «ልጆቻቸው ይክፈቱላቸው» አሉኝ። ልጆች ወላጆቻቸው ቤት እንዳይገቡ እየተባለ!

በዕለቱ ንግግር ተጀመረ። አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀጥላል፤ ሁሉም በዕብራይስጥ፣ ሁሉም ስለ ባህላችን ውበት። ቄሱ ጠምጥመው፣ ኦሪቱን ዘርግተው ይጠብቃሉ። በስንት መከራ ተራቸው ደርሶ ግዕዙን ሲጀምሩ፣ አስተናጋጁ «ሰዓት የለም፣ ያሳጥሩልን» አላቸው። የነህምያን ጸሎት ነው አሳጥሩ የሚለው። ለንግግሩ ሰዓት ነበረ፤ ለጸሎቱ ጠፋ። እናቴ ከቤቷ ደውላ «ቄሱን ዝም አሰኟቸው?» አለችኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል።

መፍትሔውን ያመጣችው እሷው ናት። አምቦበር ሳለች፣ ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ ተለይተው በሚቆዩበት በመርገም ጎጆ ስትቀመጥ፣ ምግቧ በዙሪያው ከተደረደረው ድንጋይ አጠገብ ይቀመጥላት ነበር። «ተለይቶ መቀመጥ ለእኛ አዲስ ነው እንዴ? የቄሱን ድምፅ ብቻ አሰሙን» አለች።

ዙሙን ዘጋንና በተራ ስልክ የጋራ ጥሪ ጀመርን። ስልክ ማንሳት ማንም አያቅተውም። ቄሱ በግዕዝ አነበቡ፣ በአማርኛ ተረጎሙ። አሜን ከየቤቱ መጣ። ፊታችንን ወደ ኢየሩሳሌም አዙረን ሰገድን።

እንግዲህ ምክሬ፦ ምስል ይቅርባችሁ፤ የሚያስፈልገው ድምፅ ነው። ባለሥልጣን መናገር ከፈለገ ጾም ከተፈታ በኋላ ይናገር። መመሪያ ከመጠበቃችሁ በፊት እናቶቻችሁን ጠይቁ።

ጥሪውን እስከ ዛሬ አልተውነውም። ጎንደር ሆነው ወደ እስራኤል ጉዟቸውን የሚጠብቁ ዘመዶቻችን ኔትወርክ ሲኖር ይገባሉ። የምንደውለው ዓርብ ዓርብ ነው፤ ማታውን ሰንበት ይገባል፣ ስልክም አይነካም። እናንተም ከጀመራችሁ ቀደም በሉ፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ሳያልቅ ሰንበት እንዳይገባባችሁ።