ጠፍቷል ያልኩት ኮምፒውተር

ሥራው ሲነገረኝ ቀላል መስሎኝ ነበር። 12 ላፕቶፖች አሉ። ሁሉም ላይ ዊንዶውስ ተጭኗል። ከጎኑ ሊነክስ የሚባለው ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይገባል፣ ማሽኑ ሲበራ የትኛው ይነሳ ብሎ የሚጠይቅ ሜኑ ይወጣል፣ ከዚያ ዴቨሎፐሮቹ የሚሠሩባቸው ሶፍትዌሮች በሁለቱም በኩል ይጫናሉ። የተሰጠኝ ጊዜ ቅዳሜና እሁድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ሁሉም ሰው ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ ማግኘት አለበት።

እንዲህ ያለ ሥራ ብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። የምፈራቸውን ነገሮችም ለይቼ አውቃቸዋለሁ። ድሮ ማሽን በባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው የድሮ ማስነሻ ፕሮግራም) በሚነሳበት ዘመን የሚያስፈራው የዲስኩ የመጀመሪያዋ ሴክተር (ትንሽ ቁራጭ) ነበረች። 512 ባይት ብቻ ናት። ከዚያ ላይ ለማስነሻው ኮድ የሚተርፈው 446 ባይት ነው። እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ሁለት ሲስተም ይጋፋል፤ ኋላ የተጫነው የፊተኛውን ይደመስሰዋል። ባዮስን የተካው ዩኢኤፍአይ ከመጣ ወዲህ ግን ይህ ግፊያ ቀርቷል። ዲስኩ ላይ በፋት ፎርማት የተዘጋጀች አንዲት ትንሽ ፓርቲሽን (የዲስክ ክፍል) አለች። ዊንዶውስ ማስነሻውን በራሱ ፎልደር ያስቀምጣል፣ ሜኑውን የሚያወጣው የሊነክስ ማስነሻ፣ ግሩብም በራሱ። ማዘርቦርዱ የማን ተራ እንደሚቀድም መዝግቦ ይይዛል። ጎረቤቶች ናቸው፤ ግድግዳቸው ለየብቻ ነው።

ሌላው ፍርሃቴ ዲስክን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር ነበር። ዲስኩ በእሱ ከተቆለፈ፣ የማስነሻው ቅደም ተከተል ሲለወጥ ማሽኑ ይጠራጠራል። ሰማያዊ ስክሪን ያወጣና 48 አሃዝ ያለው ቁጥር አምጣ ይላል። ስለዚህ አርብ ማታ የሁሉንም ቁጥር ከማሽኖቹ ውጭ አስቀመጥኩ። ቅዳሜ ሥራ ስጀምርም ጥበቃውን ለጊዜው አገድኩት። ባክአፕም ያዝኩ። አንዱ ላፕቶፕ ላይ የሊነክሱ ኢንስቶለር ዲስኩን ጨርሶ አላየውም። የዲስክ መቆጣጠሪያው ሬይድ በሚባለው አሠራር ላይ ተደርጎ ነበር። ዊንዶውስን መጀመሪያ በሴፍ ሞድ አስነስቼ ሊነክስ ወደሚያውቀው አሠራር፣ ወደ ኤኤችሲአይ፣ ቀየርኩትና ታየ። ሌሎቹ ላይ ደግሞ ግሩብ ዊንዶውስን በሜኑው ውስጥ አላስገባውም። ከግሩብ 2.06 ጀምሮ ሌሎች ሲስተሞችን ፈልጎ የሚያመጣው ፕሮግራም ሳያበሩት አይሠራም። አበራሁት፤ መጣ።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ተጠንቅቄ እንደነበር ለማሳየት ነው። ነገሩ የመጣው ካልጠበቅኩት በኩል ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት አንዱ ዴቨሎፐር ብቅ ብሎ፣ «ኮዱን ሁለት ቦታ ከምናስቀምጥ፣ ከሁለቱም ሲስተም የሚታይ አንድ ፓርቲሽን ብታደርግልንስ?» አለኝ። ሐሳቡ ደስ አለኝ። ዊንዶውስ የሊነክስን የፋይል አቀማመጥ፣ ኤክስት4ን፣ በራሱ አያነብም፤ ሊነክስ ግን የዊንዶውስን ኤንቲኤፍኤስ ያነባል፣ ይጽፍበታልም። ስለዚህ በየማሽኑ አንድ የጋራ ኤንቲኤፍኤስ ፓርቲሽን ሠራሁ። ፕሮጀክቶቹን እዚያ ላይ አደረግኩ።

እሁድ ማታ ፈተሽኩ። እያንዳንዱን ማሽን ከዊንዶውስ ሪስታርት አድርጌ ወደ ሊነክስ ገባሁ። የጋራው ፓርቲሽን ላይ ፋይል ጻፍኩ። ሪስታርት አድርጌ ወደ ዊንዶውስ ተመለስኩ። ፋይሉ አለ። 12ቱም ላይ እንዲሁ አደረግኩ፤ 12ቱም አለፉ። ደክሞኝ ነበር፣ ግን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ሰኞ ረፋድ ላይ አንዲት ባልደረባዬ ደወለችልኝ። ሥራዋን ነፍሷ እስኪወጣ የምትወድ፣ ጠንቃቃ ልጅ ናት።

«ሊነክስ ላይ ነኝ። የጋራው ፎልደር ይከፈታል፣ ግን መጻፍ አይቻልም ይለኛል» አለች።

«ሌላ የሚለው ነገር አለ?»

«ሜታዳታው ዊንዶውስ ካሽ ውስጥ ነው ያለው ምናምን ይላል።»

«ዊንዶውስን በትክክል ዘግተሽዋል?»

«አዎ፣ ሻት ዳውን ብዬ ነው የወጣሁት።»

እውነቷን ነበር። ልክ እንደሚገባው ነው የዘጋችው። እኔም መልሷን ስሰማ፣ «እንግዲያው ችግሩ ከፓርቲሽኑ ነው» ብዬ ደመደምኩ። ተርሚናል ከፍታ አንድ ኮማንድ እንድትጽፍ ነገርኳት። ኤንቲኤፍኤስ ፊክስ የሚባለው ነው። ስሙ ራሱ ጠጋኝ ይመስላል። ጻፈች። ፓርቲሽኑ ተከፈተ። «አይዞሽ፣ ከእንግዲህ አያስቸግርሽም» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጠቅላላ ንግግራችን ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም።

ሁለት ቀን ሊነክስ ላይ ሠራች። አዲስ ሞጁል ነው የምትጽፈው። ገና ስላላለቀ ኮሚት አላደረገችም፣ ማለትም ጊት በሚባለው የኮድ መዝገብ ላይ አላስመዘገበችውም፤ ሲያልቅ በአንድነት ልታስገባ ነበር። ረቡዕ ከሰዓት ዊንዶውስ ላይ ይሠራ እንደሆነ ልታይ ፈለገች። ሊነክስን ዘግታ ዊንዶውስን መረጠች። ቶሎ ነው የተነሳው። ፎልደሩን ከፈተችው።

የሁለቱ ቀን ሥራ የለም። ፎልደሩ ሰኞ ጠዋት እንደነበረው ነው። ይባስ ብሎ ከድሮዎቹ ንዑስ ፎልደሮች አንዳንዶቹ ስማቸው ይታያል፣ ሲነኩ ግን አይከፈቱም። ደነገጠችና ሪስታርት አደረገችው። ዊንዶውስ በመነሻው ላይ ዲስኩን ራሱ መመርመር ጀመረ። ሲጨርስ ፋውንድ 000 የሚል ፎልደር ሠርቶ ቁርጥራጩን ሁሉ ስም በሌለው ፋይል እዚያ አጨቀው።

ጠረጴዛዋ ጋ ስደርስ አልተቆጣችም። ስክሪኑን ብቻ አሳየችኝ። ያ ከቁጣ ይብሳል።

ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ማታ ቁጭ ብዬ ነገሩን ከመጀመሪያው ስከተለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ሲባል ሲስተሙ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። የተጠቃሚው ፕሮግራሞች ይዘጋሉ። የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነልና ሃርድዌሩን የሚያሠሩት ድራይቨሮች ግን እንዳሉ ወደ ዲስክ ይገለበጣሉ፤ ማሽኑ ሲበራ ከዚያው ይቀጥላሉ። ቶሎ የሚነሳው ለዚህ ነው። ሪስታርት ሲባል ግን ሁሉም ነገር በትክክል ይጠፋል። ከስሙ ስናየው ሻት ዳውን ጠንካራው፣ ሪስታርት ቀለል ያለው ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ተቃራኒው ነው።

እኔ እሁድ ማታ 12ቱንም የፈተሽኩት በሪስታርት ነው። አደጋው በዚያ መንገድ አይመጣም። አንድ ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን ሻት ዳውን ነው የሚለው። የሰው እጅ የሚሄድበትን መንገድ አንድ ጊዜም አልሄድኩበትም።

ዊንዶውስ ሲያንቀላፋ የጋራውን ፓርቲሽን የፋይል ማውጫ በትዝታው እንደያዘ ነው ያንቀላፋው። የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ የትኛው ቦታ ባዶ እንደሆነ ያውቃል፤ ሲነቃም ልክ እንደተወው አገኘዋለሁ ብሎ ያምናል። ሊነክስ በመሀል ገብቶ ቢጽፍ ዊንዶውስ አያውቅም። ሲነቃ በአሮጌው ማውጫ ይሠራል። አዲሱ ፋይል ያረፈበትን ቦታ ባዶ ነው ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። ለዚህ ነው የሊነክሱ ድራይቨር እምቢ ያለው። ያ መልእክት የስህተት ማስታወቂያ አልነበረም። «የዚህ ቤት ባለቤት ተኝቷል፣ አልወጣም፤ ዕቃውን አታንቀሳቅሱ» እያለን ነበር። ሜታዳታው (የፋይል ማውጫው) ዊንዶውስ ካሽ (ትዝታ) ውስጥ ነው ማለት ሌላ ትርጉም የለውም። ባልደረባዬ ቃል በቃል አንብባልኛለች። አዳመጥኩ እንጂ አልሰማሁም።

የሰጠኋት ኮማንድም ስሙን ያህል አይጠግንም። አንዳንድ ቀላል ስህተቶችን ያርማል፣ ጆርናሉን (የለውጦቹን መዝገብ) ባዶ ያደርጋል፣ ከዚያ ዊንዶውስ በሚቀጥለው ሲነሳ ዲስኩን እንዲመረምር ምልክት ያስቀምጣል። ረቡዕ ከሰዓት ግን ዊንዶውስ አልተነሳም፤ ከእንቅልፉ ነው የነቃው። ምርመራው የመጣው ሪስታርት ስታደርግ ነው። ያኔ ጉዳቱ ደርሷል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ፓርቲሽኑን እንዳለ ሌላ ዲስክ ላይ መገልበጥ ነው። ከዚያ በኋላ ዋናውን ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም። ከፋውንድ 000 ውስጥ የሚረባ ነገር ጥቂት ነው የተገኘው። ከእኩለ ሌሊት በፊት ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የምትጽፈው በቪኤስ ኮድ ነው። ይህ ኤዲተር እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2022 ወዲህ ፋይል በተቀመጠ ቁጥር የራሱን ቅጂ ይይዛል። ኮሚት ባይደረግም ይይዛል። ሳይነኩት ከተዉት ለአንድ ፋይል እስከ 50 ቅጂ ያኖራል። ቅጂዎቹ የሚቀመጡት ደግሞ በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ነው። የእሷ ሊነክስ ላይ ያ ፎልደር ያለው ኤክስት4 ላይ ነው። ዊንዶውስ ያንን ፓርቲሽን ማንበብም መጻፍም አይችልም። ስለዚህ አልነካውም።

ከፈትኩት። ስማቸው ትርጉም የማይሰጥ ብዙ ፎልደሮች ናቸው። በእያንዳንዱ ውስጥ ግን የፋይሉን እውነተኛ መንገድ የሚናገር ትንሽ መዝገብ አለ። መዝገቦቹን እያነበበ ፋይሎቹን ወደየቦታቸው የሚመልስ አጭር ስክሪፕት ጻፍኩ። ሐሙስ ጠዋት ስትመጣ ሞጁሉ አብዛኛው ነበር። ያልተመለሱት ለሙከራ ያዘጋጀቻቸው ትልልቅ የዳታ ፋይሎች ናቸው። ኤዲተሩ ከ256 ኪሎባይት በላይ የሆነውን አይይዝም። እነሱን እንደገና ለመሥራት ግማሽ ቀን ፈጀባት። ያንን ግማሽ ቀን አጠገቧ ሆኜ አገዝኳት።

በዚያው ዕለት ለአለቃችን ነገርኩት። ማሽኑ ነው አላልኩም። ኮማንዱን የሰጠኋት እኔ ነኝ፣ ፍተሻውንም ያጎደልኩት እኔ ነኝ። አለቃችን ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «የቀሩት አሥራ አንዱስ?» አለ። ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነበር። ከማንም በፊት ራሴን መጠየቅ ነበረብኝ።

አሥራ አንዱ ጋ በየተራ ሄድኩ። ሁለት ሰዎች መልእክቱን አይተው ለጊዜው ትተውት ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሌሎቹ ገና ከዊንዶውስ አልወጡም። ዊንዶውሱ ላይ ፋስት ስታርታፕን ብቻ ሳይሆን ሀይበርኔሽኑን (የማሽኑን ሁኔታ ወደ ዲስክ ገልብጦ የሚያስተኛውን አሠራር) ራሱን በኮማንድ አጠፋሁት። እሱ ከጠፋ ፋስት ስታርታፕ የሚቆምበት መሠረት የለውም።

የጋራውን ፓርቲሽንም አነሳሁት። በዚህ ላይ ጠንከር ያለ አቋም አለኝ። ያ አደጋ ባይደርስ እንኳ ሐሳቡ ትክክል አልነበረም። የልማት ሶፍትዌር ላይ ላዩን አንድ ይመስላል እንጂ በየሲስተሙ ሌላ ነው። ዊንዶውስ ላይ የተሠራ የፓይተን ቨርቹዋል ኢንቫይሮንመንት (ለአንድ ፕሮጀክት ለብቻው የሚዘጋጅ የሶፍትዌር ፎልደር) ሊነክስ ላይ አይነሳም፤ የፎልደሩ አወቃቀር ራሱ ይለያል። በኖድ (በጃቫስክሪፕት ማስኬጃው) የሚገቡ ጥቅሎች ውስጥ ለአንዱ ሲስተም ብቻ የተገነቡ ክፍሎች አሉ። ኤንቲኤፍኤስን ሊነክስ ላይ ስንከፍተው ፋይሎቹ ሁሉ የማስኬድ ፈቃድ ያላቸው ሆነው ይታያሉ፤ ጊትም ያልነካነውን ፋይል ሁሉ ተለውጧል ሊለን ይችላል። የመስመር መጨረሻውስ? ዊንዶውስ ላይ የተቀመጠ የሼል ስክሪፕት በየመስመሩ መጨረሻ ላይ ብዙ ጊዜ አንድ የማይታይ ምልክት ይጨምራል፤ ሊነክስ ላይ ሲሄድ ስክሪፕቱን የሚያስኬደውን ባሽን አላገኘሁትም ይላል። ባሽ ግን እዚያው ነው ያለው። ይህን ያላየ ዴቨሎፐር ግማሽ ቀን ሊያጠፋበት ይችላል።

አሁን ሁለቱም ሲስተም የየራሱ ቅጂ አለው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው በጊት ብቻ ነው። ያላለቀ ሥራም ቢሆን በራስ ብራንች (የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ ማታ ማታ ፑሽ ይደረጋል፣ ማለትም ወደ ጋራው ማከማቻ ይላካል። የመስመር መጨረሻውን የሚወስን ፋይል በየፕሮጀክቱ ውስጥ አስገባን። የእያንዳንዱ ሰው ሴቲንግ ከእንግዲህ ለውጥ አያመጣም።

ፍተሻዬንም ቀየርኩ። ማሽኑን ከማስረከቤ በፊት እንደ ባለቤቱ እጠቀምበታለሁ። ሻት ዳውን አደርገዋለሁ። ትንሽ እጠብቃለሁ። አበራውና ወደ ሌላው ሲስተም እገባለሁ። ሰዓቱን አያለሁ፤ ዊንዶውስ የማዘርቦርዱን ሰዓት እንደ አካባቢው ሰዓት፣ ሊነክስ እንደ ዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚያነቡት አንዱ ሌላውን ያዛባል። ይህንን በሁለቱም አቅጣጫ እደግመዋለሁ። ለአንድ ማሽን ሃያ ደቂቃ ያህል ይጨምራል።

ለውጡ ሁሉንም አላስደሰተም። ዊንዶውስ ከበፊቱ ዘግይቶ ነው የሚነሳው። አንዱ ባልደረባዬ በሳምንቱ መጥቶ፣ «ምን አደረግክብኝ? ድሮ ወዲያው ነበር የሚነሳው» አለኝ። አጠገቡ ተቀምጬ ድሮ ለምን ቶሎ ይነሳ እንደነበር አስረዳሁት። ሊነክስን ጨርሶ የማይጠቀም ከሆነ እንደነበረ ልመልስለት እንደምችልም ነገርኩት። አሰበበትና ይቅር አለ።

ያቺ ባልደረባዬ ግን ዊንዶውስ ዘገየ ብላ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።