ስሙን ብቻ ንገረኝ ብዬ ነበር የለመንኩት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ወገኖቼ። ይሄን የምጽፈው የስለቴ ግማሹ መመስከር ስለነበረ ነው፣ ጃንጥላውን ግንቦት ላይ አስገብቻለሁ፣ ምስክርነቱ ግን እስከዛሬ ቆየብኝ። እውነቱን ልናገርና አፍሬ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ቤታችን ስቱዲዮ ናት፣ እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ4 ዓመት ልጄና እናቴ። ሥራዬ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ነው፣ ሲንጀሬ መስኮቱ ስር ነች፣ ያ መስኮት ግን ከገባን ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም ብል አልዋሸሁም። የቱሉ ዲምቱን ንፋስና አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ደግሞ እኔ ንፋስ መታኝ ብዬ የምተኛ ሰው ነኝ፣ ታክሲ ውስጥም "መስኮቱን ዝጉት" የምትለዋ ሴትዮ እኔ ነኝ።

ሳሉ የጀመረኝ ነሐሴ ላይ ነው። ክረምቱ ነው ተባለ፣ ዝንጅብል በማር፣ ነጭ ሽንኩርት፣ እናቴ ጤና አዳም፣ ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ሦስት ዙር ወሰድኩ። ትንሽ ተሻለኝ ስል እንደገና እየባሰ መስከረም አለፈ ጥቅምትም አለፈ። ሌሊት ሌሊት የለበስኩት ቢጨመቅ ውሃ ይወጣዋል። ክብደቴ ሲወርድ ጎረቤቶቼ "አምሮብሻል፣ ዳይት ነው?" ይሉኛል፣ እኔም እስቃለሁ ምን ልበል። ውሃ ጥሙ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፣ አንድ ጆግ ጠጥቼ ምላሴ ይደርቃል።

ህዳር 12 ቀን፣ የሚካኤል ዕለት፣ ህዳር ሲታጠን ማለት ነው። በ1911 የህዳር በሽታ ሕዝቡን ሲጨርስ የጀመረ ነው ይባላል ቆሻሻ የሚቃጠለው። ብሎኩ ሁሉ ጭስ በጭስ ሆነ፣ ሳልኩ ሳልኩና ሶፍቱን ሳየው ቀይ ነበረበት፣ የአስር ሳንቲም የምታህል። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ለማንም አልተናገርኩም። ካንሰር ነው ብዬ ወስኛለሁ በቃ።

በሁለተኛው ቀን ሲንጀሬ ላይ ወደቅኩ። ሆስፒታል ስንደርስ ስኳሬ 468 ሆኖ ተገኘ፣ ስኳር እንዳለብኝ እንኳን አላውቅም ነበር! አስተኙኝ። ስድስት አልጋ ያለበት ክፍል ነው፣ ከአጠገቤ ኩላሊታቸውን የሚታመሙ እማማ አሉ፣ ሰውነታቸው አልቆ ጋቢ ብቻ የቀሩ፣ ሲስቁ ግን ክፍሉን የሚሞሉ። ማዶ ደግሞ ስሟን የማልጠራት የኤችአይቪ መድኃኒት አቋርጣ የተኛች ልጅ ነበረች።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነው የሚያመኝ። ጠዋት ጠዋት ሲስተሯ መጥታ መስኮቶቹን በሙሉ ትከፍታለች፣ ገና ከመውጣቷ እኔ ባለቤቴን "ዝጋልኝ ብርድ ሊገለኝ ነው" እላለሁ፣ እማማም "አዎ ልጄ ምች ይመታናል" ይላሉ፣ አስታማሚው ሁሉ ይስማማል፣ ይዘጋል። አምስት ቀን እንደዚህ ከፍታ ዘግተን። እኔ እስላለሁ። የሆስፒታሉን ስም አላነሳም፣ ሰዎቹ ለስኳሬ ለፍተውልኛል፣ ግን በአምስት ቀን ውስጥ ስለሳሉ አንድ ሰው አልጠየቀኝም። እኔም ደሙን ደብቄያለሁ፣ እና የማን ጥፋት ይበልጣል እንጃ።

አምስተኛው ሌሊት ላይ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ "ሚካኤል ሆይ፣ አድነኝ እንኳን አልልህም፣ የያዘኝን ነገር ስሙን ብቻ ንገረኝ፣ ልጄን ለማን እንደምተወው ልወቅ" አልኩ። ጃንጥላ ተሳልኩ፣ እመሰክራለሁም አልኩ።

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ስኳሬን ሊለካ አንድ ተለማማጅ ሐኪም መጣ፣ ልጅ ነው፣ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። ጣቴን ሊወጋ ሲል ሳልኩ። ቆመ። "ይሄ ሳል ስንት ጊዜሽ ነው?" አለኝ። በቃ ይቺን ነው ያለው። ሦስት ወር አለፈው ስለው እጁን ትራሴ ላይ አሳረፈ፣ ርጥብ ነው። ያን ጊዜ ሶፍቱንም ነገርኩት፣ እያለቀስኩ። ወዲያው ማስክ ሰጠኝ፣ ሲነጋ የአክታ ዕቃ ይዤ ግቢው ውስጥ ሜዳ ላይ ወጥቼ እንድተፋ ተነገረኝ፣ ክፍል ውስጥ እንዳይሆን ብለው።

ውጤቱ በዚያው ቀን ደረሰ። ምርመራው ጂን ኤክስፐርት ይባላል፣ እናቴ ኮሪደር ላይ ሆና "ጂን" የምትለዋን ብቻ ሰምታ "ኧረ በስመአብ! ጂኑ ተገኘባት?" ብላ ስታማትብ ሐኪሙ ሳይቀር ሳቀ። ተገኘ። የሳንባ ቲቢ።

ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ስሙን ንገረኝ ያልኩት እኔ፣ ስሙ ሲነገረኝ ተናደድኩ፣ ይሄ ነው መልሱ ብዬ። እናቴ ደግሞ ድሮ የቲቢ ሆስፒታሉ እንጦጦ ጴጥሮስ ገባ የተባለ ሰው ቤቱ እንዴት ይለቀስ እንደነበር ታስታውሳለች፣ አንገቷን ደፋች። ያ ተለማማጅ ግን ቁጭ ብሎ አስረዳኝ፣ ስኳር ያለበት ሰው የቲቢ ዕድሉ ከሌላው ሁለት ሦስት እጥፍ ነው፣ ስኳሩ ሰውነትሽን ሲያዳክመው ነው ይሄ የተነሳው አለኝ፣ ኤችአይቪም የቲቢ ታማሚ ሁሉ ይመረመራል ብለው መረመሩኝ፣ ነጻ ነኝ። "መድኃኒቱ በነጻ ነው፣ 6 ወር ነው፣ ካላቋረጥሽ ትድኛለሽ" አለኝ። ካንሰር ብዬ ልጄን ለማን ልተወው ስል የነበርኩት ሴትዮ እኮ ነኝ!

ለብቻዬ ክፍል ሲያዛውሩኝ እማማ በጋቢያቸው ውስጥ ሆነው እጃቸውን አወዛወዙልኝ። እኔ ያየሁት መስኮቱን ነው። ሲስተሯን "በምን ይተላለፋል፣ በብርጭቆ ነው?" ስላት "በብርጭቆ አይደለም፣ በሳል አየር ላይ ነው የሚሄደው፣ ለዚህ እኮ ነው በየቀኑ የምከፍተው" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ጸሎቴ ስለ እኔ መሆኑ ቀረ። ኩላሊታቸው የደከመ ሴትዮ፣ መድኃኒት ያቋረጠች ልጅ፣ እነሱ ላይ ነው አምስት ቀን ሙሉ መስኮት ያስዘጋሁት።

መድኃኒቱን የጀመርኩት ህዳር 21 ነው፣ የጽዮን ማርያም ዕለት። የመጀመሪያውን 2 ወር አራቱ መድኃኒት ተደባልቆ፣ ከዚያ 4 ወር ሁለቱ። በየቀኑ ጤና ጣቢያ ሄጄ ሲስተር ፊት ነው የምውጠው። መጀመሪያ ቀን ሽንቴ ሚሪንዳ መስሎ ሲወርድ ልጮህ ነበር፣ ለካ የመድኃኒቱ ቀለም ነው። የስኳር መርፌውም አለ። ልጄ ተመረመረ፣ ምንም የለበትም፣ ዕድሜው ከ5 ዓመት በታች ስለሆነ የመከላከያ መድኃኒት ጀመረ። ጸበሌን ግን አልተውኩም፣ የንስሐ አባቴን ፈርቼ ስጠይቃቸው ሲራክ 38ን ገልጠው "መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ ማን ሆነና? ጸበሉንም ጠጪ፣ ክኒንሽንም ዋጪ" አሉኝ።

ጥር ላይ የእማማ ልጅ ደወለችልኝ። ስልኩን ሳየው እጄ ተንቀጠቀጠ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩትን ሁሉ እንደመረመሯቸው፣ ያቺ ልጅም እማማም ነጻ እንደሆኑ ነገረችኝና ስልኩን ለእሳቸው ሰጠች። "አንቺ ሳላም፣ ሳሉ ለቀቀሽ?" አሉኝ። መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት። እስከ ሰሞኑ ድረስም ደህና ናቸው፣ ኩላሊቱ ያው ነው፣ እሱን እናንተም በጸሎት አስቡልኝ።

ግንቦት 21 የመጨረሻዋን ክኒን ዋጥኩ። አክታዬ ነጻ ተባለ፣ 9 ኪሎ መልሻለሁ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይዤ ስመለስ ሙቀቱ ሌላ፣ ሰዉ ተጠቅጥቆ አንድ መስኮት አልተከፈተም፣ ከኋላ የሆነ ሰው ይስላል። ተንጠራርቼ ከፈትኩት። ወዲያው ከጎኔ ያሉ እናት "ልጄ ዝጊው በማርያም፣ ንፋስ ይመታናል" አሉኝ።

"እማማ፣ ነጠላዬን ልስጥዎት" አልኳቸውና ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸው።