የኦክሲናይትራይድ መስታወት ስሌት በመጨረሻ እጅ ሰጠ

ወገን፣ ደስ ብሎኛል። ሰንብቶ ያስቸገረኝ የኦክሲናይትራይድ መስታወት (ከኦክሲጅኑ ከፊሉ በናይትሮጅን የተተካበት መስታወት) የቅመማ ስሌት ትናንት ማታ ተፈታ። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፤ ማራገቢያ ሥር ቁጭ ብዬ ኤክሴል ስጎረጉር አመሸሁ።

መነሻውን ቶሎ ልለፈው። በተራ መስታወት ውስጥ አንድ ኦክሲጅን ሁለት ሲሊከን ያያይዛል። ናይትሮጅን ግን ሦስት ስለሚይዝ፣ በኦክሲጅኑ ቦታ ሲገባ የአቶሞቹ መረብ ይጠብቃል። መስታወቱ ይጠነክራል፣ የሚለሰልስበት ሙቀት ይጨምራል፣ ሲሞቅ መለጠጡ ይቀንሳል።

እኔን ያሰቃየኝ ቅመማው ነው። ስለዚህ መስታወት የተጻፉት ጽሑፎች «28 ኢትሪየም፣ 56 ሲሊከን፣ 16 አሉሚኒየም፣ 83 ኦክሲጅን፣ 17 ናይትሮጅን» ይላሉ። ድምሩ 200! ለካ ኢኩቫለንት ፐርሰንት ነው። የአቶሙ ብዛት በቫለንሲው (አንዱ አቶም በሚይዘው የትስስር ብዛት) ይባዛል፤ ከዚያ ፖዘቲቮቹ (ኢትሪየም፣ ሲሊከን፣ አሉሚኒየም) ለብቻቸው 100፣ ኔጌቲቮቹም (ኦክሲጅንና ናይትሮጅን) ለብቻቸው 100 ይሞላሉ። ይህ ከገባችሁ ሌላው ቀላል ነው። ናይትሮጅኑ በሙሉ ከሲሊከን ናይትራይድ ከመጣ፣ 17 ናይትሮጅን 17 ሲሊከን ይዞ ይመጣል። የቀረው 39 ሲሊከን ከሲሊካ (ከሲሊከን ኦክሳይድ) ነው። እስቲ ኦክሲጅኑን ደምሩ፦ ከሲሊካው 39፣ ከኢትሪየም ኦክሳይዱ 28፣ ከአሉሚናው (ከአሉሚኒየም ኦክሳይዱ) 16። ልክ 83! ብቻዬን ሳቅሁ።

ወደ ግራም ሲቀየር፣ ለ100 ግራም ዱቄት ኢትሪየም ኦክሳይድ 49.9፣ ሲሊካ 27.8፣ አሉሚና 12.9፣ ሲሊከን ናይትራይድ 9.4 ይሆናል። ያ ሁሉ የጥንካሬ ወሬ ከ9.4 ግራም የሚመጣ ነው።

በክብደት ፐርሰንት የሚያነጻጽር ሰው ለእኔ አይገባኝም። የናይትሮጅንን ሥራ ለማየት 28፣ 56፣ 16ን አትንኩ፤ ኦክሲጅኑን ብቻ ከ100 ወደ 83 እያወረዳችሁ ናይትሮጅን ተኩበት። ሁሉንም ባንዴ ከነካካችሁ የቱ ምን እንዳመጣ አይለይም። ኢትሪየሙን በሌላ ተመሳሳይ ብረት መቀየር ሌላ ጨዋታ ነው። በኢትሪየም ቦታ ላንታነም ሲገባ መስታወቱ በዝቅተኛ ሙቀት ይለሰልሳል፤ ሉቴሺየም ሲገባ ደግሞ ሙቀቱ ከፍ ይላል። የብረቱ አዮን (ኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው አቶም) ባነሰ ቁጥር አያያዙ ይጠብቃል።

እውነቱን ለመናገር ግን ምክሬ ሁሉ የወረቀት ነው። ይህ ቅይጥ የሚቀልጠው ከ1600 ዲግሪ በላይ፣ በናይትሮጅን ጋዝ ውስጥ ነው። እኔ የማገኘው እቶን 1200 ላይ ያበቃል፣ ያውም በአየር፤ በአየር ደግሞ ናይትራይዱ ኦክሳይድ ይሆናል። የናይትራይድ ዱቄት ላዩ ላይ ስስ የሲሊካ ሽፋን አለው። እሱን ስሌቱ ውስጥ እንዴት እንደማስገባው ገና አልሞከርኩም። የሠራችሁት ካላችሁ ጻፉልኝ። ፋይሉን የፈለገ ይንገረኝ፣ እልካለሁ።